ላኪና ተቀባይ

ያደገችበት የሕፃናት ማሳደጊያ መዝገብ ያለው ዩኒክስ በተባለ የቆየ ሥርዓት በሚሠራ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነበር። ዲስኩ ሲጢጥ ማለት ስለጀመረ፣ ጨርሶ ሳይበላሽ መዝገቡን እንድትገለብጥ የማሳደጊያው ቦርድ፣ የኮምፒውተር ባለሙያ ስለሆነች፣ እሷን ጠራት። እሷም የዚያው ዘመን ሌላ ኮምፒውተር ይዛ መጥታ ሁለቱን ሲሪያል በሚባል የመረጃ ማስተላለፊያ ገመድ አገናኘቻቸው።

ምንም አልመጣም። ገመዱን ፈትታ ስታየው የአንዱ የላኪ ሽቦ ከሌላው የላኪ ሽቦ ጋር ተገናኝቷል፤ ሁለቱም ይናገራሉ፣ የሚሰማ የለም። ሽቦዎቹን አቀያየረቻቸው። አሁን ደግሞ ስክሪኑ በማይነበብ ምልክት ተሞላ። የዲስኩም ድምፅ ባሰበት።

«ልጄ፣ ለምን ትደክሚያለሽ? ያረጀ ነገር እኮ ነው፣ ተዪው» አሉ የማሳደጊያው ኃላፊ ወይዘሮ የሺመቤት። ወላጆቿ በጨቅላነቷ እንደሞቱ ነግረዋት፣ እናት ሆነው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው።

«እማማ፣ የስንቱ ልጅ ታሪክ ይጥፋ? አንዴ ብቻ ልሞክር።»

ወይዘሮዋ በሩን ዘግተው ወጡ።

የሁለቱን የመላኪያ ፍጥነት እኩል ስታደርገው ፊደሎቹ ጠሩ። ስሞች ተራ በተራ ወረዱ። የራሷን ስታገኝ ፈገግ ብላ ጠጋ አለች። ከስሟ ሥር ማስታወሻ ነበር።

«እናቷ በሕይወት አለች። ልትወስዳት ሦስት ጊዜ መጣች። ከልጅቱ መለየት ስላቃተኝ፣ በሦስተኛው ልጅሽ ሞታለች ብዬ መለስኳት። የሺመቤት።»

ከኋላዋ በሩ ተከፈተ።

«ተሳካልሽ፣ ልጄ?»