የጉድጓዱ ጌታ

"ዛሬውኑ ይደፈንልኝ።"

ሴትዮዋ ይህን ያለችው የአቤቱታ ወረቀቷን መስኮቴ ላይ አስቀምጣ ነው።

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም... ተናዳ ተናዳ የደከማት ሰው ድምፅ ነበር።

የምሠራው የመንገድ ቁፋሮ ፈቃድ በሚሰጥበት ቢሮ ነው። የውሃም ሆነ የፍሳሽ መስመር ለማስገባት የሕዝብ መንገድ መቆፈር የፈለገ ሁሉ መጀመሪያ እኔ ጋ ይመጣል።

ሴትዮዋን አውቃታለሁ። ትንሽ ላውንደሪ አላት። ቤቷ ግን ውሃ የለውም።

አዎ... ውሃ የሌለው ላውንደሪ።

ውሃዋ የሚመጣው ከታችኛው ሰፈር፣ በጄሪካን ተሞልቶ፣ በጋሪ ተጭኖ ነው።

ከዚህ ቀደም የውሃ መስመር ለማስገባት ፈቃድ ጠይቃን ነበር። ከለከልናት።

መንገዱ በቅርቡ አስፋልት ስለሚለብስ አዲስ ፈቃድ መስጠት ቆሞ ነበር። አስፋልት ከለበሰ በኋላ ደግሞ አምስት ዓመት ሙሉ መቆፈር ክልክል ነው።

"አምስት ዓመት በጋሪ?" ብላ ስትወጣ ጀርባዋን እያየሁ ቀረሁ...

አሁን የመጣችው ጎረቤቷን ልትከስ ነው።

ጎረቤቷ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ፈቃድ ያወጡት ቀደም ብለው ነው። ያስቆፈሩት ቦይ ከዋናው የውሃ መስመር ተነስቶ መንገዱን ያቋርጥና በላውንደሪው በር ሥር አልፎ ወደ ቤታቸው ይገባል።

ቧንቧቸው ተዘረጋ። ውሃቸው መጣ።

ቦዩ ግን አልተደፈነም።

ጋሪው በሯ ድረስ መግባት አቃተው። ጄሪካኖቹን በሳንቃ ላይ እየተሻገረች፣ አንድ በአንድ፣ በእጇ ማስገባት ጀመረች።

ሹፌሩስ? ክፍት ቦይ ያለ ጠባቂ መተው ስለማይፈቀድ፣ ባዶ ጄሪካን ገልብጠው ዳሩ ላይ ተቀምጠው "ቀስ በይ... በዚህ በኩል" እያሉ መንገደኛ ሲያሳልፉ ይውላሉ።

እሷም ስም አወጣችላቸው። "የጉድጓዱ ጌታ"። ሰፈሩም ተቀበላት።

"ሰው ሲያሳልፍ የሚውለው እኮ እኔ በር ላይ ነው" አለችኝ። "የራሱ ውሃ ገብቶለታል። እኔ ጄሪካን ስሸከም ቁጭ ብሎ ያየኛል። አውቶቡሱን ከተወ ወዲህ ተሳፋሪ አምሮታል መሰለኝ።"

መመሪያው ግልጽ ነው። ጎረቤት በጽሑፍ አቤት ካለ፣ ቦዩ ክፍት እንዲቆይ የተራዘመው ጊዜ ይሰረዛል፤ ቦዩም በዚያው ቀን ይደፈናል።

ማኅተሙን አነሳሁ...

ወረቀቱ ላይ ግን አላሳረፍኩትም።

ምክንያቱም እሷ የማታውቀውን አንድ ነገር አውቅ ነበር።

ሹፌሩ ቧንቧቸው በተዘረጋ ማግስት እኔ ጋ መጥተው ነበር። ቦዩ እስካልተደፈነ ድረስ በእሳቸው ፈቃድ ላይ ሌላ መስመር መጨመር ይቻል እንደሆነ ጠየቁኝ። ባለ ፈቃዱ ከጠየቀና መሐንዲሶቹ ከተስማሙ ይቻላል አልኳቸው።

"እንግዲያው የላውንደሪዋን ጨምርልኝ።"

ልንገራት ወይ ብላቸው እጃቸውን አወዛወዙ።

"እንዳታደርገው ልጄ። ተስፋ ሰጥተናት መሐንዲሶቹ እምቢ ቢሉስ? ሁለተኛ መከልከል ይሆንባታል። እስከዚያው ስድቡን እኔ እችለዋለሁ። ዕድሜዬን በሙሉ አውቶቡስ ነድቻለሁ፤ ያልሰማሁት ስድብ የለም።"

ቃል ገባሁላቸው።

አሁን ግን ዝም ካልኩ፣ ሴትዮዋ የራሷን ውሃ በገዛ እጇ ልትደፍነው ነው።

ማኅተሙን መልሼ አስቀመጥኩት።

"እትዬ... ቦዩ ያልተደፈነው ለእርስዎ ነው።"

ሁሉንም ነገርኳት።

ከኋላዋ የተሰለፉት ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ።

ከዚያ ወረቀቷን ከመስኮቱ ላይ አነሳች፤ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"ማወቄን እንዳትነግራቸው" አለችኝ። "ይህን ያህል ተሰድበው የደበቁትን፣ እኔ ምን አግብቶኝ እገልጥባቸዋለሁ?"

ሳምንት ሳይሞላ ሹፌሩ ብቅ አሉ። ፊታቸው ላይ ግራ መጋባት አለ።

"ልጄ፣ ያቺ ሴትዮ ምን እንደነካት እንጃ። ከቤቷ ወንበር አውጥታ አጠገቤ ዱብ አደረገችና 'የጉድጓዱ ጌታ፣ ዛሬም አልደፈኑትም?' ብላ ሰድባኝ ገባች። ቀጥሎ ደግሞ የፀሐይ ጃንጥላ አመጣች... እሱንም ሰድባኝ ነው የተከለችው። ስድቡ ያው ነው። ወንበሩ ግን ትራስ አለው።"

ትኩር ብለው አዩኝ።

"ነገርካት እንዴ?"

ዓይኔን ኮምፒውተሩ ላይ ተከልኩ...

"ጋሼ፣ መሐንዲሶቹ ፈቅደዋል።"

ጥያቄያቸውን እዚያው ረሱት። ቆባቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ጠረጉና፣ የፈቃዱን ወረቀት እንኳን ሳይቀበሉኝ ሊነግሯት ወጡ።

ዜናውን ስትሰማ አፏን በእጇ ይዛ "እውነትዎን ነው?" አለች አሉ። ጥሩ ተዋናይ ሳትሆን አትቀርም... ወይም ደግሞ እንባዋ የምር ነበር። እኔ አላየሁም።

ቧንቧዋ ገባ። ቦዩ ተደፈነ። መንገዱም አስፋልት ለበሰ።

ሹፌሩ ሴትዮዋ ቀድማ ታውቅ እንደነበር እስከ ዛሬ አያውቁም። ትራስ ያለው ወንበር ግን አሁንም ያለው እሳቸው በር ላይ ነው። መልሱልኝ አላለችም።

ወዳጆቼ... መንገዳችንን ዘጋብን ብለን የምናማርረው ሰው፣ ለእኛው ብሎ ክፍት ያቆየው ነገር ሊኖር ይችላል። ከመክሰሳችን በፊት ቀርበን "ለምን?" ብንል ምናለበት?

አንድ ነገር ግን አሁንም ይከነክነኛል። ለሹፌሩ የገባሁትን ቃል አፍርሻለሁ። ውሃው የገባው በዚያ ምክንያት ቢሆንም፣ ቃል ቃል ነው።

እናንተ መስኮቱ ጋ ብትሆኑ ትነግሯት ነበር... ወይስ ሌላ መላ ትፈልጉ ነበር? ሐሳባችሁን ከታች ጻፉልኝ፤ አነበዋለሁ።