ያልታጠፈው ጓርኒሲዮን

«ውሃ ሳይጨምሩ ነድተዋት ነው፣ እትዬ» ይላል ጸጉሮ ቀና ሳይል። ከጋራዡ ማዶ የራሱን መኪና መስታወት በጨርቅ ያሻል። ራሱ ከተመለጠ ቆይቷል፤ ቅጽል ስሙ ግን አብሮት አልተመለጠም።

ሾፌሯ የተጣለ ጎማ ላይ ተቀምጣለች። «ውሃዬን ጠዋት ጠዋት አይቼ ነው ከቤት የምወጣው። የምጭነው የሰው ልጅ ነው፣ ድንች አይደለም።»

ዛሬ ዳገቱ መሀል መኪናዋ ነጭ ጭስ ስትተፋ ትምህርት ቤት የምታመላልሳቸውን ተማሪዎች አውርዳ ቦርሳቸውን አሸክማ በእግር ወስዳቸዋለች። ከወላጆቹ አንዳንዶቹ ሌላ መኪና እናፈላልጋለን ማለት ጀምረዋል። ከዚህች መኪና ሌላ እንጀራ የላትም።

መካኒኩ በሁለቱ ንግግር መሀል ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ የሞተሩን የላይ ክዳን፣ ቴስታውን፣ ይፈታል። በሽታው ከገባው ቆይቷል። የዘይቱን መለኪያ ሲመዝ ወተት የገባበት ሻይ የመሰለ ነገር ይዞ ወጣ፤ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ሞተሩን ሲያስነሳ ውሃው እንደ ሽሮ ድስት ተንተከተከ። በቴስታውና በብሎኩ መሀል የሚተኛው ስስ ጓርኒሲዮን ተበልቷል። ውሃውን ከዘይቱ፣ እሳቱን ከሁለቱም ለይቶ የሚይዘው እሱ ነው።

ያልገባው ሌላ ነገር ነው። ጓርኒሲዮኑ ባለፈው ጥገና የተቀየረ፣ አዲስ ነው። ሱቅ ለሱቅ ዞሮ፣ አስመስለው የተሠሩትን ወዲያ እያለ ዋናውን መርጦ የገዛው ራሱ ነው። ለመግጠም ብቻ አልታደለም። ቴስታው ተነስቶ ሞተሩ እንደ ተከፈተ ስልክ ተደወለለት፤ እናቱ አርፈዋል። ጸጉሮ መፍቻውን ከእጁ ተቀበለውና «ሂድ። ይሄን ለእኔ ተወው» አለው። በማግስቱም ከሳጥኑ አንዱን ጫፍ ትከሻው ላይ አድርጎ እስከ መቃብሩ አፍ የሄደው እሱ ነበር። አንድ ጋራዥ፣ ከአንድ ሽማግሌ እጅ ሥራ የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ ወንድም ቢኖረው ከዚህ በላይ ምን ያደርግለት ነበር?

«እትዬ» ይላል መካኒኩ፣ ድምፁን አለስልሶ፣ «አዲስ ጓርኒሲዮን እንዲሁ አይበላም። ምናልባት አንድ ቀን ተረስቶ...»

ሾፌሯ ታየዋለች። «አንተም?»

ጸጉሮ ከወዲያ ሳቅ ይላል። «እሱ መኪና እንጂ ሰው አያምንም፣ አይቀየሙት።»

መካኒኩ የመጨረሻውን ብሎን አውጥቶ ቴስታውን በሁለት እጁ ያነሳና ጠረጴዛው ላይ ያሳርፈዋል። ተመልሶ ጓርኒሲዮኑን በጥፍሩ ይልጠዋል። ዙሪያውን ፍሳሽ የሚደፍን ሲሊኮን ተለቅልቋል። እሱ በሕይወቱ ሲሊኮን እዚህ ቦታ ቀብቶ አያውቅም፤ ጸጉሮም ቢሆን አይቀባም። በጨርቅ ይጠርገዋል። አንደኛው ጥግ ላይ፣ ከብሎኑ ቀዳዳ ውጭ፣ የጥፍር ያህል ቦታ በመቀስ ተቆርጧል።

እጁ እዚያ ላይ ይቀራል።

ሽማግሌው ያስያዟቸው ልማድ ነው። ከሞተር የወጣ ጓርኒሲዮን ጥጉ ይቆረጣል፤ ከዚያ ለሁለት ታጥፎ ይጣላል፤ ማንም አንስቶ መልሶ እንዳይገጥመው። ያን ቀን የአሮጌውን ጥግ ቆረጠ። ስልኩ የጠራው ያኔ ነው። ሳያጥፈው ሄደ።

«ጸጉሮ።»

«አቤት ጌታዬ።»

«አዲሱ የት ገባ?»

ጨርቁ መስታወቱ ላይ ይቆማል። «የቱ አዲስ?»

መካኒኩ ጓርኒሲዮኑን ከፍ አድርጎ ያሳየዋል፤ በተቆረጠው ጥግ በኩል ብርሃን ያልፋል። ጸጉሮ ለአፍታ ያየዋል። ከዚያ ወደ ጨርቁ ይመለሳል።

«ኧረ ባክህ» ይላል ቀስ ብሎ፣ የሚያዝን ሰው ድምፅ አውጥቶ። «ያን ቀን እንኳን የቱን እንደ ቆረጥክ፣ ስምህንስ ታውቀው ነበር? እናትህ ሞተው።»

መካኒኩ ያን ትከሻ ያያል፣ ሳጥኑን የተሸከመውን።

«ውሃ ጨምረዋል፣ እትዬ» ይላል በመጨረሻ፣ ወደ ጎማው ዞሮ። «ጥፋቱ ከእኛ ነው። እኔው እሠራዋለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሾፌሯ ከአንዱ ወደ ሌላው ታይና ነጠላ ጫማዋን እግሯ ላይ ታስተካክላለች።

«ምሳ ልቅመስ» ይላል ጸጉሮ። ጨርቁን ኪሱ ከትቶ መኪናው ውስጥ ይገባል። የእሱም መኪና የሾፌሯ ዓይነት ናት፤ ቀለማቸው ነው የሚለያየው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ዳገት ባየች ቁጥር ትፈላ ነበር። ከለቅሶ መልስ ድምጿን ሰምቶ «ምን አደረግካት? ልጅ ሆነችልህ እኮ» ብሎ ያደነቀው መካኒኩ ራሱ ነው።

ጸጉሮ ቁልፉን ያዞራል። ሞተሩ በአንዴ ይነሳል።

መካኒኩ ሳያስበው፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ጆሮውን ወደ ድምፁ ያዘነብላል። ጓርኒሲዮኑ በእጁ ላይ ቀስ እያለ ለሁለት ይታጠፋል። አንዲት ሳል፣ አንዲት መንተፋተፍ ይጠብቃል። መኪናዋ በሩን አልፋ ዳገቱን እስክትይዝ ድረስ ያዳምጣል። ምንም እንከን የላትም።