እስከ ደመራ ዝግ ነው

«እማዬ፣ ግንቡ ውስጥ ያለውን አበባ ማን ያየዋል?»

ቢያድግልኝ ይህን የጠየቃት በሰባት ዓመቱ፣ ሞጣ ሲገቡ በአውቶቡሱ መስኮት እያየ ነበር። ይርጋነሽም «አንድ ቀን እኛ እናየዋለን» አለችው።

ያ ቀን የመጣው ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ2005 ዓ.ም. መስከረም አሥራ ሁለት ነው። ቢያድግልኝ ከመንገድ ሥራው ፈቃድ ወስዶ እናቱ ዘንድ ቢቸና ሰንብቷል። ፈቃዱ ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

ሞጣ ሲደርሱ ረፋድ ሆኗል። ከድሮው ግንብ በር ላይ አንዲት ወጣት ዘበኛ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች።

«እስከ ደመራ ዝግ ነው፣ እናቴ» አለች ተነሥታ። «ለእንቁጣጣሽ ሰው ገብቶ አበባውን ቀጥፎ ጨረሰው። የቀረው ለመስቀል ነው ተብሏል።»

«ከቢቸና እኮ ነው የመጣነው» አለች ይርጋነሽ።

«ከየትም ቢመጡ ያው ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ቢያድግልኝ ጣልቃ ገባ። «አንቀጥፍም። አይተን እንወጣለን።»

«የቀጠፉትም እንዲሁ ብለው ነበር የገቡት።»

«ታዲያ በነሱ ጥፋት እኔ ልቀጣ?»

«እኔም ተቀጥቻለሁ። ከበሩ ሆኜ ነው የማየው።»

በርጩማዋን ለይርጋነሽ ሰጥታ ራሷ ፀሐይ ላይ ቆመች። ከካቡ በላይ የአደይ አበባው ብጫ ጫፍ ብቻ ይታያል።

እኩለ ቀን ላይ አንድ ሹም እንግዶቹን በመኪና ይዞ መጣ። ለእሱም አልከፈተችም።

«ነገ እዚህ በር ላይ አላገኝሽም» ብሏት ሄደ።

«ያደርገዋል?» አለች ይርጋነሽ።

«ያደርገው ይሆናል። ከተቀጠርኩ ገና ሁለት ወሬ ነው። የእኅቶቼ ደብተር የሚገዛው በዚችው ነው።»

ይርጋነሽ ወረቀትና እስክሪብቶ ከቦርሳዋ አወጣች። «ስምሽ ማን ነው?»

«ትርሲት ታዘበው።»

«አያትሽስ?»

«ሣህለ ማርያም።»

«የናትሽ ወገንስ ከወዴት ነው?»

«ከየጁቤ።»

«ንስሐ አባታችሁስ?»

ትርሲት ፊቷ ጠቆረ። «እናቴ፣ መጻፍዎ ካልቀረ፣ አልሰደበችኝም ብለውም ይጻፉ።»

ይርጋነሽ በመሠረተ ትምህርት በለመደችው ፊደል አንድም ሳታስቀር ጻፈች። ወረቀቱን አጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

በመልሱ ጉዞ ቢያድግልኝ እስከ ደብረ ወርቅ ድረስ ስለ ልጅቷ ብቻ አማረረ። ድርቅናዋን፣ አመላለሷን፣ ፀሐይ ላይ መገተሯን።

«ግን ክስ አይገባትም» አለ በመጨረሻ። «ያ ሹም ይበቃታል። ወረቀቱን ቅደጂው።»

«አልቀደውም።»

«የሰው እንጀራ ነው፣ እማዬ።»

«ዝም በል። እስከ ዛሬ ታግሻለሁ፤ ከእንግዲህ አልታገሥም።»

ቢቸና ሲደርሱ ቤቷ አልገባችም። በቀጥታ ወደ ወንድሟ ወደ አካለ ወልድ ሄደች፤ እሱ በአውራጃው የማያውቀው ሰው የለም። ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበው።

«ከነዚህ ውስጥ የኛ ዘመድ አለበት?» አለችው።

«የለበትም።»

«እንግዲያስ ይሉኝታ አይዘኝም።»

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሽማግሎች በመጀመሪያው አውቶቡስ አሳፍራ፣ ትርሲትን ለቢያድግልኝ እንዲለምኑላት ወደ አቶ ታዘበው ቤት ላከች።