በሰዓት አንዴ ብቻ

«ቁጥሩ ከተፈቀደው ልክ በላይ ነው።»

እንደገና። እንደገና። የክሊኒኩ የኮምፒውተር ባለሙያ ዋርዳ እጇን አጣጥፋ ስክሪኑን ታያለች፤ አንዱ መስመር ሌላውን እየገፋ ይወርዳል። የክሊኒኩ የሕመምተኞች መዝገብ በሙሉ ያለው እዚህ አንድ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ የስድስት ዓመት መዝገብ፣ ቅጂ የሌለው። በየጠዋቱ የተከመረውን ማስጠንቀቂያ ጠርጋ የምታጠፋው እሷ ናት፤ ዛሬ ግን አርፍዳ ገባችና ማስጠንቀቂያው ዲስኩን ሞልቶት ሥራው ቀጥ አለ። ከቱሊ ጉሌድ በሌሊት የተነሡ እናቶች በመስኮቱ በኩል ካርዳቸውን ይዘው ያጉረመርማሉ።

«ጋሽ ቀለምወርቅ፣ ዛሬም ልጠይቅዎት፣ ይሄን ቁጥር ማን አስገባው?»

«እኔ ነኛ!» ይላሉ አስተዳዳሪው፣ ኮራ ብለው። «የመዝገቡ ፕሮግራም በአንዴ ብዙ ፋይል እንዲከፍት ብዬ።»

«ከርነሉ፣ ኮምፒውተሩን የሚያዘው ዋናው ፕሮግራም፣ ከሚቀበለው አሥር እጥፍ ነው እኮ!»

«ታዲያስ? ልጄ፣ ይሄን ያህል ጊዜ ቢሮ ሠርተሽ አልገባሽም? ለአምቡላንሱ አራት ጎማ ስፈልግ አሥር ነው የምጠይቀው። ቆርጠው ቆርጠው አራት ይሰጡኛል። አራት ብዬ ብጠይቅ አንድ ነበር የሚደርሰኝ።»

«ወላሂ ጋሼ፣ ይሄ ግዢ ክፍል አይደለም! የሚችለውን ከሰጠ በኋላም በየሰከንዱ ይጮሃል።»

«ሰጠ አይደል? ይጩህ። ቁጥሬን ግን እንዳትነኪብኝ።»

ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ! ዋርዳ ደሟ ይፈላል። ወር ሙሉ ያስረዳቻቸው ይሄንኑ ነው። አለቃ ናቸውና ቁጥሩን ትተወዋለች፤ ማስጠንቀቂያውን ግን በሰዓት አንዴ ብቻ እንዲወጣ ትገድበዋለች። የተከመረውን ጠርጋ ኮምፒውተሩን እንደ አዲስ ታስነሣዋለች።

«ቁጥሩ ከተፈቀደው ልክ በላይ ነው» ይላል፣ አንዴ። ከዚያ ዝም። መስኮቱ ጋ የመጀመሪያዋ እናት ስም ይጠራል።

«አየሽ? ሳትነኪው ተስተካከለ» ይላሉ ጋሽ ቀለምወርቅ።

ልትመልስላቸው ስትል ባዶው ስክሪን ላይ ሌላ መስመር ብቅ ይላል። «ዲስኩ እየተበላሸ ነው። መዝገቡን በቶሎ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። ይህ ማስጠንቀቂያ መውጣት ከጀመረ አሥራ ዘጠነኛ ቀኑ ነው።»

ዋርዳ ሁለቴ ታነበዋለች። በንዴት ወደ ጋሽ ቀለምወርቅ ትዞርና ቀኑን ወደ ኋላ ትቆጥራለች። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ፣ በየጠዋቱ፣ አንድም መስመር ሳታነብ ጠርጋ ስትጥለው የነበረችው እሷ ናት።