የተዘጉት ድረ ገጾች

የፔታህ ቲክቫ ከተማው ኮሌጅ ድረ ገጾች የተዘጉ ዕለት፣ ሰማዩ ከጧት ጀምሮ በአቧራ ቢጫ ሆኖ ነበር። ኦሻራት ሹሜ ግን ሰማይ የምታይበት ጊዜ አልነበራትም። ከሰዓት በኋላ አስተዳደሩ ፊት ቀርባ የድረ ገጾቹን የአሥር ዓመት እቅድ ታስረዳለች። ከተቀበሏት የምትመራው የድረ ገጽ ክፍል በእጇ ይቆያል። ካልተቀበሏት ሥራው ሮሽ ሃዓይን ከተማ ላለ ድርጅት ይሰጥና እሷ ተመስግና ትሸኛለች።

ኮሌጁ አሥራ አንድ ድረ ገጾች አሉት። ድሮ አንዱ ሌላውን አያውቀውም ነበር፤ ለዓመታት ለፍታ ያስተሳሰረቻቸው እሷ ናት። አሁን የዳይሬክተሩ ጸሐፊ ናዓማ አንድ ጊዜ ጽፋ አንድ ቁልፍ ስትጫን፣ የፈተና ለውጥ ይሁን፣ እንኳን ደስ ያላችሁ ይሁን፣ የሐዘን መግለጫ ይሁን፣ ካፍቴሪያ የተረሳ ጃንጥላ እንኳ ሳይቀር፣ በሁሉም ላይ እኩል ይወጣል። አንዴ ከወጣ ደግሞ ከኦሻራት በቀር የሚያነሳው የለም፤ ምክትሏ እንኳ ሁሉንም ድረ ገጾች መዝጋት እንጂ አንዱን ማስታወቂያ ማንሳት አይችልም። ናዓማ በተሳሳተች ቁጥር እየሮጠች ትመጣባታለች።

ኦሻራት በዚህ ሥራዋ ትኮራ ነበር። አባቷ አቶ ሹሜ ደግሞ ይብስባቸዋል፤ ከአሚሻቭ ሰፈር ወደ መሀል ከተማ በሚሄደው አውቶቡስ ላይ አጠገባቸው ለተቀመጠ ሁሉ «ኮሌጁን የያዘችው ልጄ ናት» ይሉ ነበር።

ያን ዕለት ማለዳ ከአባቷ ስልክ ተደውሎላት ነበር። ንግግሯን እየተለማመደች ስለነበር አላነሳችውም። ከስብሰባው በፊት ደውላ ምርቃታቸውን ልትቀበል አስባ ተወችው።

ነገሩ የጀመረው በታረቀ ነው። ታረቀ ምክትሏ ነው፤ አሚሻቭ ከወላጆቿ ጋር አንድ ሕንፃ ላይ ይኖራል፤ ኮሌጁ ውስጥ ያስቀጠረችውም እሷ ናት። ወንበሯን ይመኛል የሚል ወሬ ከሰማች ሰንብታለች፤ አላመነችም ነበር። ያን ጧት ስልኩ ጮኸ። ወደ ኮሪደሩ ወጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ በአማርኛ አወራ። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም፣ በሰደር ነው፣ ሁሉ ደህና።» ዓይኗን አላየም። «እስቲ ስልክሽን ስጪኝ፤ የኔ ባትሪው አልቋል።»

ሰጠችው። ይዞት ቀጥ ብሎ ዳይሬክተሩ ኦፊር ቢሮ ገባ። በመስታወቱ በኩል ታረቀ ሲናገር፣ ናዓማም አፏን በእጇ ይዛ ስታዳምጥ አየች። ከዚያ ናዓማ ወደ ወንበሯ ተመልሳ መጻፍ ጀመረች።

ጥቂት ቆይቶ አሥራ አንዱም ድረ ገጾች ጠፉ።

ኦሻራት ልትገባ ሞከረች፤ የይለፍ ቃሏ አይሠራም። አዲስ እንዳታወጣ ማረጋገጫው የሚላከው ወደ ስልኳ ነው። ስልኳ ያለው ታረቀ ኪስ ውስጥ ነው። ባትሪው አልቋል ያለው ሰው አሁን ሲያወራበት አልነበረም እንዴ?

ኦፊር ራሱ መጣ። ሰው ያስጠራል እንጂ እሷ ክፍል መጥቶ አያውቅም።

«የዛሬው ስብሰባ ቀርቷል» አላት።

«ድረ ገጾቹን ማን ዘጋቸው?»

«እኔ ነኝ ያዘዝኩት።»

«እቅዴስ?»

«አሁን እቅዱን ተይው። ወደ ቤት ሂጂ፤ ታረቀ ያደርስሻል።»

«መኪና አለኝ።»

«ዛሬ አትነጂም» አለ። ድምፁ ለስላሳ ነበር። ኦፊርን የሚያውቅ ሁሉ ቁጣውን ለምዷል፤ ያስፈራት ልስላሴው ነው።

እሱ ሲወጣ ታረቀ ሳንድዊች ይዞ ገባ።

«መጀመሪያ ትንሽ ቅመሺ።»

«ስልኬን!»

«ማታ እሰጥሻለሁ። ትንሽ ታገሺ፣ የሚነግሩሽ ሰዎች አሉ። እኔ ልናገር አልችልም።»

«እዚህ ያስገባሁህ እኔ ነኝ፣ ታረቀ! ሰው እንዲህ ያደርጋል?»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። ማፈሩ ነው፣ አለች በልቧ። ይፈር፣ ይገባዋል።

መጸዳጃ ቤት እሄዳለሁ ብላ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ የቆሙት ሰዎች ስታልፍ ወሬያቸውን አቋረጡ። ናዓማ ከወንበሯ ብድግ አለች፣ አንድ ነገር ልትላት ፈልጋ ተወችው። ኦሻራት ዞር ብላ አላየቻትም፤ ደረጃውን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ወረደች።

ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ላይ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። ከዚያ ብቻ የሚከፈት፣ ስልክም የማይጠይቅ መግቢያ ለክፉ ቀን ብላ አስቀርታ ነበር። ከእሷ በቀር የሚያውቀው ሰው የለም። ተቀመጠች። ክፉ ቀን ከዚህ ወዲያ ምን ይመጣል? አባቷ ትዝ አሏት፤ ምርቃታቸውን እንኳ ሳትቀበል ቀረች። ዛሬ ተባርራ ነገ አውቶቡስ ላይ ምን ይበሉ? አልቅሺ አልቅሺ አላት። አላለቀሰችም። ድረ ገጾቹን ከፍታ የማን እንደሆኑ ልታሳያቸው ቆርጣለች።

የመጨረሻውን ትእዛዝ ጽፋ ስትጨርስ በሩ ተበረገደ። ታረቀ ነው፣ ሮጦ ትንፋሹ ተቆራርጧል። ስልኳን አሁንም በእጁ ጨብጧል።

«አትክፈቺው! ኦሻራት፣ በናትሽ አትክፈቺው!»

«አሁን ገና ፈራህ» አለችና ቁልፉን ተጫነች።

አሥራ አንዱም ድረ ገጾች በአንድ ጊዜ ተከፈቱ።

በሁሉም አናት ላይ፣ በጥቁር መስመር ተከብቦ፣ ናዓማ ጧት ቸኩላ ያወጣችው ማስታወቂያ ታየ፦ «ኮሌጁ በባልደረባችን በኦሻራት ሹሜ አባት ሞት የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ይገልጻል።»