ብቸኛ ነው

መምህሩ መጦሪያ ቤት ከገቡ አራት ወራቸው ነው። ያስገባቻቸው ልጃቸው ናት፤ «ለጥቂት ቀን ነው አባዬ፣ ቤቱ እስኪታደስ» ብላ።

ዛሬ ከባሏ ጋር መጣች። የመጦሪያ ቤቱ ሐኪም አእምሯቸውን መርምራ «ጤነኛ ናቸው» ብላ ከጻፈች እሳቸው ባሏ በቦርሳ የያዛቸውን ወረቀቶች ይፈርማሉ፤ አለቀ። ልጅቷ አዲስ ሸሚዝ አልብሳ ጸጉራቸውን አበጠረችላቸው።

«አደራ እንዳታሳፍረኝ። ዛሬ ወደ ቤት እንሄዳለን።»

«ብወድቅስ?»

«እዚሁ ትቀራለሃ!»

ሽማግሌው የአዲሱን ሸሚዝ ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆለፉ።

ባልየው ሐኪሟን ወደ ጎን ወስዶ «ካለፉ ፊርማቸው ይጸናል አይደል? ሥራ ጥለን ነው የመጣነው» አላት። እሷም ይጸናል አለች።

ምርመራው ተጀመረ። ቀኑን ስትጠይቃቸው ማክሰኞ አሉ። ሐሙስ ነበር።

«ቀን ማንም ይስታል!» አለች ልጅቷ። «አባቴን ቁጥር ጠይቂው።» ብዕር ነጥቃ ወረቀቱ ላይ ጻፈች፦ 9,998,000,099።

መምህሩ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ትምህርት በተጀመረ ቁጥር ይህንን ሰሌዳው ላይ ይጽፉ ነበር። «ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው ከሌለ ብቸኛ ቁጥር ነው። ይሄስ?» ተማሪው በሦስት ይሞክራል፣ በሰባት፣ በአሥራ አንድ፤ እምቢ ይላል። በዚያ መንገድ መልሱ ላይ ለመድረስ ከዘጠኝ ሺህ በላይ ብቸኛ ቁጥሮችን መሞከር ያስፈልጋል። ሁሉም ደክሞት «ብቸኛ ነው!» ብሎ ይቀመጥና መሳቂያ ይሆናል። በዐሥራ ሁለት ዓመቷ አንድ ጨምራበት ያየችው የራሳቸው ልጅ ብቻ ናት፦ የ99,990 ስኩዌር ሆነ፣ 99,990 በራሱ ሲባዛ ማለት ነው። እንግዲያው ቁጥሩ የ99,990 የግራና የቀኝ ጎረቤቶች ብዜት ነው፣ 99,989 በ99,991። ያን ዕለት እሽኮኮ አድርገዋት ግቢውን ዞሩ።

«እሺ ጋሼ» አለች ሐኪሟ፤ «አካፋይ አለው?»

መምህሩ ቁጥሩን አዩት። ብዙ አዩት።

«ብቸኛ ነው።»

«አባዬ! አንድ ጨምርበት እንጂ!»

«ብቸኛ ነው አልኩ!»

ሰው ሲያረጅ መጀመሪያ ጥርሱ ይወልቃል፣ ቀጥሎ ወዳጆቹ፣ በመጨረሻም ይኼው። ልጅቷ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ሐኪሟ አንድ መስመር ጻፈችና ማኅተሟን መታች። ባልየው «በቃ፣ ጉድ ሆነናል» እያለ ያልተፈረሙትን ወረቀቶች ቦርሳው ውስጥ መለሰ። ሲወጡ በሩን እንኳ አልዘጉትም።

አስታማሚዋ ሻይ ይዛ ገባች።

«አይዞዎት አባባ፤ ሲሻልዎት እንደገና ይፈተናሉ፣ ያን ጊዜ ይወስዱዎታል።»

«ተይ ልጄ» አሉ መምህሩ፤ «የእብድ ፊርማ ቤት አያሸጥም።»