የመርፌው ውጤት

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የሐምሌ ዝናብ የጎንደሩን ሆስፒታል ጣሪያ ይደበድብ ነበር። ሐኪሟ በኮምፒውተሩ ላይ የተበተኑትን ባለቀለም ነጥቦች ስትመረምር፣ ዓይናዲስ አጠገቧ የተቀመጠው ባሏ የለበሰውን ጋቢ ጫፍ ጨብጣ ቆማ ነበር።

«ምን ይላል፣ ልጄ?» አለቻት ሐኪሟን።

«ከባለቤትዎ አንገት እብጠት በመርፌ የወሰድናቸውን ሴሎች መሣሪያው አንድ በአንድ ለያቸው፤ እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ሴል ናት። የፈራነው ካንሰር ቢሆን ኖሮ አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ይሆኑ ነበር፤ እነዚህ ግን ድብልቅ ናቸው። በሌላው ምርመራ ያገኘነው የእጢ ቲቢ ነው፤ መድኃኒት ወስደው ይድናሉ።»

ዓይናዲስ ጋቢውን ለቀቀችና እልልታዋን አቀለጠችው። በኮሪደሩ ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች አንዲት እናት የተገላገለች መስሏቸው እልልታውን ተቀበሏት። አንዷም በሩን ገፋ አድርጋ፣ «እንኳን ማርያም ማረቻት! ወንድ ነው ሴት?» አለች።

«ባሌ ነው!» አለች ዓይናዲስ።

ባሏ በዚያ ክረምት ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነበር።